የመታጠቢያ ቀን

አርብ ከሰዓት መታሰር የጀማሪ ሥራ ነው። ማክሰኞ የተያዘ ሰው ረቡዕ ወይ ሐሙስ ዳኛ ያየዋል። አርብ ከሰዓት የተያዘ ሰው ግን፣ ዳኛውም ሎየሩም ወደየቤታቸው ሄደው፣ እስከ ሰኞ የማንም አይደለም። እኛ የተያዝነው አርብ ከሰዓት ነው።

ኦክላንድ ውስጥ፣ ከቴሌግራፍ አቬኑ ገባ ብሎ ባለ አፓርትመንት ደረጃ ላይ ተቀምጠን ነበር። ሕንፃው ተሸጦ አዲሱ ባለቤት ተከራዮቹን ሁሉ አስወጥቷል። የቀሩት አንዲት ኤርትራዊት እናት ብቻ ናቸው፤ ላይኛው ፎቅ፣ ልጆቻቸውን ያሳደጉበት ቤት። «አልወጣም» አሉ። እኛ ደግሞ፣ የተከራዮች ማኅበር ውስጥ የምንሠራ ልጆች፣ ዕቃቸውን ሊያወጡ የመጡት ሰዎች እንዳያልፉ ደረጃውን ሞልተን ክንድ ለክንድ ተቆላለፍን። ወንጀላችን ይሄው ነው። ደረጃ ላይ መቀመጥ።

ወንዶቹን በሌላ መኪና ወሰዷቸው። ሴቶቹ ሦስት ነበርን፦ እኔ፣ ላይኛው ፎቅ የሚኖሩት እማማ፣ እና ከጎኔ ክንዷን በክንዴ ቆልፋ የነበረችው ዴንማርካዊት። ዴንማርካዊቷ እዚህ የመጣችው ለማስተርስ ነው። የምታጠናው የቃላትን ታሪክ ነው፤ አንድ ቃል ከየት ተነስቶ፣ በነማን አፍ አልፎ እዚህ እንደደረሰ። እውነቱን ልናገርና ያኔ ብዙም አልወዳትም ነበር። ቀስ ብላ ነው የምታወራው። አንድ ዓረፍተ ነገር ጀምራ እስክትጨርስ እኔ ምሳ በልቼ እመለሳለሁ።

ሴሉን ሳየው መጀመሪያ ያሰብኩት፣ ይሄን ክፍል የሆነ ሰው ዲዛይን አድርጎታል ብዬ ነው። የሆነ ሰው ቁጭ ብሎ «የእጅ መታጠቢያውን ሽንት ቤቱ አናት ላይ ብናደርገውስ?» ሲል፣ ሌላው «ጥሩ ሐሳብ» ብሎታል። ሽንት ቤቱና መታጠቢያው አንድ የብረት ዕቃ ናቸው። ውሃው የሚመጣው ቁልፍ ሲጫኑት ነው፤ ጣት ሲነሳ ወዲያው ይቆማል። ስለዚህ አንዱ እጅ ቁልፉን ይዞ ሌላው ብቻውን ይታጠባል። ወለሉ መሀል ላይ ውሃ የሚወርድበት ወንፊት አለ። ግድግዳውን ዙሪያውን የሚዞር የሲሚንቶ አግዳሚ አለ። መስኮት የለም። መብራቱ አይጠፋም። ከጣራው የሚመጣው ብርድ፣ ሰው የሌለበት ቢሮ ውስጥ ኤሲ ረስተውት የሄዱ ዓይነት ነው፤ ድምፁ ደግሞ እንደ አውሮፕላን ሆድ ያለማቋረጥ ያጉረመርማል።

የእማማን ሻርፕ መግቢያው ላይ ወስደውባቸዋል። ፀጉራቸውን በሁለት እጃቸው ሸፍነው ነው የገቡት። ሆዲዬን፣ ባለ ኮፍያ ሹራቤን፣ አውልቄ ሰጠኋቸው። ገመዱን ስለመዘዙት ኮፍያው አይጠብቅም፣ ግን ይሸፍናል።

«ምን መሰልኩ?» አሉኝ።

«ስኬትቦርድ የሚነዳ ጎረምሳ።»

«እሰይ። እንግዲህ ማንም አይደፍረኝም።»

አሻራችንን ሊያነሱ ሲሞክሩ ማሽኑ እምቢ አለ። ጠባቂዋ ጎንና ጎኑን መታ መታ አደረገችውና «ሲስተም ዳውን ነው፣ እስከ ሰኞ» አለች። እኔና እማማ ተያይተን ሳቅን። አገር ቤት ቀበሌ ብትሄጂ፣ ባንክ ብትሄጂ፣ «ሲስተም የለም» ነው የሚሉሽ።

«እዚህም የለም እንዴ?» አሉ እማማ፤ ደስ ያላቸው መሰሉ።

ደረጃው ላይ ከመቀመጣችን በፊት የማኅበሩ ሎየር አንድ ነገር አስተምሮን ነበር። እኔ መጥቼ አጠገባችሁ እስክቆም ማንም ስሙን አይናገር አለን። ሁላችሁም ስም ከሌላችሁ ሁላችሁንም አንድ ላይ፣ ሰው በሚያይበት፣ ዳኛ ፊት ማቅረብ ግድ ይሆንባቸዋል። አንድ በአንድ እየተናገራችሁ ከወጣችሁ ግን መጨረሻ የቀረው ሰው ብቻውን ነው። መጨረሻ የምትቀረው ማን እንደሆነች ሁላችንም እናውቅ ነበር። ዴንማርካዊቷ በተማሪ ቪዛ ነው ያለችው። በዚህ ጊዜ እንደሷ ያለ ሰው ብቻውን ከዚያ በር ከወጣ ሌላ መኪና፣ የኢሚግሬሽን፣ ሊጠብቀው ይችላል። ያ መኪና የሚሄደው አውሮፕላን ማረፊያ ነው፣ ወይ ከዚያ የባሰ ቦታ።

እማማ ግን ስማቸው ይታወቃል፤ የያዟቸው ቤታቸው በር ላይ ነው። ፈርመው መሄድ ይችሉ ነበር። ጠባቂዋ ደጋግማ ለመነቻቸው። አልፈርምም አሉ።

«እማማ፣ ፈርመው ይሂዱ እንጂ» አልኳቸው እኔም።

«ወዴት?»

ከጎናቸው ተቀመጥኩ።

«ከናንተ ጋር ነው የመጣሁት፣ ከናንተ ጋር ነው የምሄደው። አሁን ተኚ፣ ጓለይ።»

ጓለይ በትግርኛ ልጄ ማለት ነው። ሌላ ስም አልጠሩኝም። አንዲት የኛ አገር እናት «የማን ልጅ ነሽ?» ሳትል እንዲህ ስትቆይ አይቼ አላውቅም። እሳቸው አልጠየቁም። ሎየሩ ያለንን ደረጃው ላይ ሆነው ሰምተው ነበርና።

እኔ ደግሞ ሰኞ ጠዋት ሳን ሆዜ ሥራ እጀምራለሁ። ከተመረቅኩ ገና ወር አልሞላኝም። ስንት ዙር ኢንተርቪው፣ ስንት «እናሳውቅሻለን» አልፌ ያገኘሁት የመጀመሪያ ጆቤ ነው። እናቴ ሽማግሌዎች የሚጦሩበት ቤት ደብል ሺፍት ነው የምትሠራው፤ ይሄን ሰኞ ከኔ በላይ ጠብቃዋለች፤ የምለብሰውን ሸሚዝ ራሷ ተኩሳ ሰቅላዋለች። እኔ ጓደኛዬ ጋር ያደርኩ ነው የመሰላት። ያለኝም ግሪን ካርድ ነው፣ ሲቲዝን አይደለሁም። እንደ ዴንማርካዊቷ ባይሆንም እኔንም ያሰጋኛል።

በነጋታው ቅዳሜ መሆኑን ያወቅነው ጠባቂዋ ቁርስ ስታቀብለን «ሃፒ ሳተርደይ» ስላለች ነው። እንቅልፉና ንቃቱ ተደባልቀውብን ነበር። መብራቱ ስለማይጠፋ ሰው ዓይኑን ሲጨፍን ጨለማ አይመጣም፤ ብርቱካናማ ነገር ነው የሚመጣው፣ ሻይ ውስጥ ተዘፍቀው የተኙ ያህል። እማማ ግድግዳው ጋ ተኮራምተው፣ በኮፍያው ውስጥ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

«ቅዳሜ» አልኩ። «ባዶ ቀን። ዳኛ የለ፣ ሎየር የለ፣ ምን የለ። ቅዳሜን ማን ፈጠረው?»

ዴንማርካዊቷ ዓይኗን ሳትገልጥ «በኛ ቋንቋ ባዶ አይደለም» አለች።

«እሺ፣ ምንድን ነው?»

«ለርዳ ነው የምንለው። ሲጻፍ መጨረሻው ላይ ግ አለ፣ ግን እንውጠዋለን። ሁሉን ነገር እንውጣለን።»

«እና?»

«ሁለት ቃላት ናቸው የተጋጠሙት። ሁለተኛው፣ ዳ፣ ቀን ማለት ነው። የመጀመሪያው…»

እውነቴን ነው፣ እዚያው ታንቄ ልሞት ነበር።

«ኧረ ባክሽ ቶሎ በይ! የመጀመሪያውስ?»

«የመጀመሪያውን መንገድ ላይ አስቁመሽ ብትጠይቂ ብዙ ሰው አያውቀውም። ለር ብቻውን ምንም አይልም። ድሮ ግን ረጅም ነበር። ላውጋርዳግር። ላውግ የመታጠቢያ ውሃ ነው፤ ሰው ገብቶ የሚታጠብበት። የመታጠቢያ ቀን። ከዚያ ሰዉ በየሳምንቱ ሲጠራው፣ ሲጠራው፣ ስንት መቶ ዓመት ሲጠራው፣ እንዲህ ሆነ።»

ተነስታ ከመታጠቢያው ጠርዝ ሳሙናዋን አነሳች። አርብ ሲሰጡን ያው የሆቴል ሳሙና የምታክል ነበረች፤ በአንድ ቀን ሟሽሻ እንደ ቅጠል ሳስታለች። ወደ መብራቱ አቀረበቻት። ብርሃኑ አልፎባት ወጣ።

እማማ ብዙ ዓመት እዚህ ስለኖሩ እንግሊዝኛ ይሰማሉ፤ ነገሩ ሲከብዳቸው ግን እኔን ያያሉ። ተረጎምኩላቸው። ተነስተው ቁጭ አሉ።

«ሌሎቹስ ቀኖች? ጠይቂያት።»

«ሌሎቹ ባለቤት አላቸው» አለች ዴንማርካዊቷ። «አንዱ የፀሐይ፣ አንዱ የጨረቃ። አራቱ የድሮ አማልክት ናቸው። ሐሙስ ለምሳሌ የመብረቅ አምላክ ነው። ቅዳሜ ብቻ ናት አምላክ ያልደረሳት። ሰዎቹ ለራሳቸው አስቀሯት። ለገላቸው።»

«አስተግፊሩላህ» አሉ እማማ፣ ከዚያ ግን ሳቃቸው መጣ። «ስድስቱን ለጣኦት አስረክበው፣ አንዷን ለመታጠቢያ ደብቀው! ብልጦች ናቸው።»

«የናንተስ?» አለችኝ።

«የኛ ቁጥር ነው። እሁድ አንድ፣ ሰኞ ሁለት፣ እንዲህ እያለ እስከ ሐሙስ ይሄዳል። ቅዳሜ ግን የምትቀድም ማለት ነው። ከእሁድ ፊት የምትሄድ።»

«ወረፋ ላይ የቆመች» አለች።

ለመጀመሪያ ጊዜ አሳቀችኝ።

ከዚያ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ እሷም ቀስ ባለው ድምጿ ቀጠለች። ስለ ማበጠሪያ ታወራለች፣ ከመሬት ስለሚቆፈር የአጥንት ማበጠሪያ፣ በየመቃብሩ ከሰው ጎን ስለተገኘ። እኔ ግማሹን እሰማለሁ፣ ግማሹን አያለሁ። ቴሌግራፍ አቬኑ ውሃ ሞልቶት ነበር፤ የሚያስፈራ ጎርፍ አይደለም፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ ለብ ያለ ውሃ፣ እንፋሎቱ ከትራፊክ መብራቱ በላይ ይወጣል፣ ቀይና አረንጓዴው በእንፋሎቱ ውስጥ ቀስ ብሎ ይቀያየራል። ሰዉ ከየቤቱ ፎጣውን ትከሻው ላይ አድርጎ ይወጣል። ሬስቶራንቶቹ ወንበራቸውን ውሃው ውስጥ አውጥተው ደርድረዋል። ረጅም ቀይ ፂም ያላቸው ሰዎች ከእናቴ ጋር ተሰልፈው ማበጠሪያ እየተዋዋሱ ነው። ማንም ማንንም ስሙን አይጠይቅም። እናቴ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች እግሯን ውሃው ውስጥ ነክራ «ውይ» ስትል ሰማኋት፣ ልክ ከሥራ መጥታ ጫማዋን ስታወልቅ እንደምትለው።

ነቃሁ። ሲሚንቶው ጎኔን በልቶታል። የእናቴ ድምፅ ግን ጆሮዬ ውስጥ ቀረ፣ እሱ ነው ያሸነፈኝ። ተነስቼ በሩን ደበደብኩ።

ጠባቂዋ መጥፎ ሰው አልነበረችም፤ ይሄን ማለት አለብኝ። ማስቲካ ታኝካለች፣ እግሯን የሚያማት ትመስላለች። በሩ ላይ ያለችውን ትንሽ መዝጊያ ከፈተች።

«ስሜን ብነግርሽ ምን ያህል ይፈጃል?»

«ምሳ አድዬ ስመለስ ንገሪኝ። እራትሽን ቤትሽ ትበያለሽ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ዛሬ ሰው የምናስወጣው ያኔ ነው። ካለፈሽ ሰኞ ነው።»

መዝጊያዋን ዘጋች። እኔ ነገር ከኋላ መሥራት አልችልም፤ ዞር ብዬ ፊት ለፊት ነገርኳቸው።

«ስሙኝ። ምሳ አድላ ስትመለስ ስሜን ልሰጥ ነው። ሰኞ ሥራ እጀምራለሁ። ከዚህ በላይ አልችልም።»

ዴንማርካዊቷ እጆቿን ጉልበቶቿ መሀል ከተተች።

«እሺ» አለች። ቆይታ ደግሞ፣ «ገባኝ። እኔም ብሆን ምናልባት…»

«አንቺ ብትሆኚ አታደርጊውም። አትዋሺ።»

«አላውቅም» አለች። «እውነት አላውቅም።» ከንፈሯ ነጭ ሆኗል።

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ወደ እማማ ዞርኩ።

«እርስዎስ ምንም አይሉኝም?»

«ምን ልበልሽ፣ ጓለይ? እናትሽ ትጠብቅሻለች።»

በቃ። ስብከት ጠብቄ ነበር፤ ለስብከት መልስ ነበረኝ።

ምሳው በወረቀት ከረጢት መጣ፤ ደረቅ ዳቦ፣ አንድ ቁራጭ አይብ፣ ብርቱካን፣ በካርቶን የታሸገ ወተት። ጠባቂዋ «ሌሎቹን ላዳርስና እመጣለሁ፣ ተዘጋጂ» ብላኝ አለፈች። ወተቴን በአንድ ትንፋሽ ጨለጥኩት። ዴንማርካዊቷም ጠጣች። እማማ ከረጢታቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ይመለከቱታል።

«አይበሉም?»

«በዚህ እጄ?» መዳፋቸውን አሳዩኝ። ደረጃው ላይ የብረት መደገፊያውን ይዘው አልለቅ ሲሉ ነው ያላቀቋቸው፤ ዝገቱ መስመር ሠርቶ ደርቋል።

«እዚያ ጋ መታጠቢያ አለ'ኮ።»

«ሽንት ቤት አናት ላይ? ያውም በአንድ እጅ? ነይ አስታጥቢኝ። የመታጠቢያ ቀን ነው አላለችም ልጅቷ?»

ማስታጠብ እኔ ስንት ዓመት የሠራሁት ሥራ ነው። የቤታችን ትንሽ እኔ ነበርኩ፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ማንቆርቆሪያና ፎጣ ይዤ የምዞረው እኔ ነኝ። አልወደውም ነበር፤ ማንቆርቆሪያው ይከብዳል፣ እንግዳ ደግሞ ቀርፋፋ ነው። ግን ደንቡ አጥንቴ ውስጥ ገብቷል። ከትልቅ ይጀመራል። ዓይን ዓይን አይታይም፣ እጅ ነው የሚታየው። የሰው እጅ ላይ ሳሙና እያለ ማንቆርቆሪያ ጥሎ የሚሄድ የለም። በር ቢንኳኳ፣ ስልክ ቢጮህ፣ ይጠብቃል።

የወተት ካርቶኖቹን አፍ ቀደድን፣ አጠብናቸው። ዴንማርካዊቷ ቁልፉን ተጭና አንዱን ሞላች፣ ሰጠችኝ፣ ሌላውን መሙላት ጀመረች። እማማ የሆዲዬን እጅጌ እስከ ክርናቸው ሰብስበው ወንፊቱ አጠገብ ቁጢጥ አሉ። እጃቸውን ዘረጉ። አፈሰስኩ። ውሃው በጣቶቻቸው መሀል ወርዶ ዝገቱን ይዞ ጠፋ። ሳሙናዋን ሰጠኋቸው።

ያኔ በሩ ላይ ያለችው መዝጊያ ተከፈተች።

«እሺ» አለች ጠባቂዋ። «ዝግጁ ነሽ?»

«አንዴ» አልኳት። «እያስታጠብኩ ነው።»

«ምን?»

«እጃቸው ላይ ሳሙና አለ።»

ዞሬ አላየኋትም፤ ማስቲካው ግን ቆመ። እማማ አልተቻኮሉም። መዳፍ ለመዳፍ፣ ከዚያ የእጃቸውን ጀርባ፣ ከዚያ እያንዳንዱን ጣት ብቻውን፣ እንደ ሕፃን ጣት እያሹ። ጥፍራቸውን። የእጅ አንጓቸውን። እስከ ክርናቸው ወጡ። አረፋው ነጭ ጓንት ያጠለቁ አስመሰላቸው። ዕድሜ ልኬን እንደዚያ ቀስ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም፣ የሚገርመው ግን አላናደደኝም። የጣራው ድምፅ ራቀ። ውሃው እንደ ክር ቀጥኖ ይወርዳል፣ ወንፊቱ ይውጠዋል፣ ከታች የሆነ ቦታ ባዶ ቱቦ ውስጥ ሲዘምር ይሰማል። ካርቶኑ አለቀ። ዴንማርካዊቷ ሁለተኛውን እጄ ላይ አስቀመጠች። ቀጠልኩ።

እማማ እጃቸውን አራገፉ።

«እጅሽ ይባረክ።»

«ጨረስሽ?» አለች ጠባቂዋ። በቁጣ አይደለም የጠየቀችው። «አሁን ካልመጣሽ ሰኞ ነው፣ ነግሬሻለሁ።»

ካርቶኑ ውስጥ ውሃ ቀርቶ ነበር። ክብደቱ እጄ ላይ ይሰማኛል። የምትጠብቀኝን እናቴን አሰብኩ፣ የተሰቀለውን ሸሚዝ፣ ቤት ያለውን ሙቅ ሻወር፣ ሁሉንም፣ አንድም አልዘለልኩም። ከዚያ ቀና ስል ዴንማርካዊቷ አሁንም ቁልፉን ተጭና ቆማለች። ማንም ተጫኚ አላላትም። ጣቷ ደም የሌለው እስኪመስል ነጥቷል። ውሃው ዝም ብሎ ይፈስሳል። በሩን አታይም፣ እኔንም አታይም።

«አንዷ ትቀራለች» አልኩ። ጮክ ብዬ በእንግሊዝኛ ነው ያልኩት፣ ለጠባቂዋ። ከዚያ ለሷ፣ «ነይ። እጅሽን።»

መጥታ ቁጢጥ አለች። አላወቀችበትም፤ ውሃ የምትጠጣ ይመስል እጆቿን እንደ ሳህን አደረገቻቸው።

«እንደዚያ አይደለም። አሻሺ» አልኳት።

አሸች። አፈሰስኩ። ሳሙናዋ እጇ ውስጥ ልትጠፋ ትንሽ ነው የቀራት።

«እሺ፣ ሰኞ» አለ ከበሩ በኩል ያለው ድምፅ።

«ሰኞ» አልኩ።

መዝጊያዋን ቀስ ብላ ዘጋችው። ልታጋጨው ትችል ነበር።

ካርቶኑን ላስቀምጥ ስል እማማ ከእጄ ወሰዱት።

«አሁን ደግሞ አንቺ።»

«ኧረ እማማ፣ ነውር ነው! እርስዎ እኔን አያስታጥቡም።»

«ዝም ብለሽ ዘርጊ። ዳቦው ይሻግታል።»

ዘረጋሁ። ውሃው በጣም ቀዝቃዛ ነበር። አለቀስኩ፣ ግን ፊቴን የምጠርግበት እጅ አልነበረኝም፤ ሁለቱም ሥራ ላይ ነበሩ። ከዚያ ቁጭ ብለን በላን። እማማ «ቢስሚላህ» ብለው ዳቧቸውን ቆረሱ። ዴንማርካዊቷ ብርቱካኗን ልጣ ሦስት ቦታ ከፈለች፣ የኛ ብርቱካን እጃችን ላይ እያለ።

ሎየሩ ሰኞ መጣ። ሦስታችንም አንድ ላይ ቆመን፣ ችሎቱ ሞልቶ፣ ስማችንን አንድ በአንድ ተናገርን። ዳኛዋ ለቀቀችን። በዋናው በር፣ ሰው በሚጠብቀን በኩል ወጣን፤ ሌላ መኪና አልነበረም፣ ወይም ካለም ሰዉን አይቶ አልቀረበም። ስልኬን ሲመልሱልኝ ከእናቴ ስንት ሚስድ ኮል፣ ከመሥሪያ ቤቱ ደግሞ አንድ ኢሜይል ነበር። ኢሜይሉ በጣም ትሁት ነው። ቦታውን ለሌላ ሰው ሰጥተውታል። እናቴ ለሳምንት አላናገረችኝም፣ ከዚያ ማናገር ጀመረች፣ ሸሚዙን ግን እስከ ዛሬ አላነሳችውም።

አሁን ፍሪሞንት ነው የምሠራው፣ ከዚያኛው ያነሰ ሥራ። ዴንማርካዊቷ ማስተርሷን ጨርሳ፣ በፈለገችው ቀን፣ በራሷ ትኬት አገሯ ገባች። ቮይስ ሜሴጅ ትልክልኛለች፤ ረጅም ነው፣ ፍጥነቱን ጨምሬ ነው የምሰማው፣ ታውቃለች። ሕንፃውን ግን ተሸነፍን። ቀለም ቀብተው፣ ሬንቱን ሰማይ ሰቅለው አከራይተውታል። እማማ ሳን ሆዜ ልጃቸው ጋ ናቸው፤ የልጅ ልጆቻቸው በእንግሊዝኛ ይመልሱላቸዋል፣ እሳቸው በሁለት ቋንቋ ይቆጧቸዋል። ጓደኞቼ «ታዲያ ምን ጠቀመ?» ይሉኛል። በነገር ሳይሆን የእውነት ነው የሚጠይቁኝ። አንዲት ልጅ አልተወሰደችም እላቸዋለሁ፣ ከዚያ ሌላ የምጨምረው የለኝም።

ባለፈው እማማን ሐኪም ቤት ላደርሳቸው ሄጄ፣ ፍሪዌዩ ተዘግቶ ቆመን ሳለ፣ ለረጅም ጊዜ ሲከነክነኝ የነበረውን ጠየቅኋቸው።

«እማማ፣ ያን ቀን እጅዎን እንደዚያ ቀስ ብለው የታጠቡት ሆን ብለው ነው?»

በመስኮቱ ወደ ውጭ አዩ። ከጎናችን ያለው መኪና ውስጥ አንድ ውሻ አንገቱን አውጥቶ ነበር።

«ጓለይ» አሉ። «እጄ ቆሽሾ ነበር።»

እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም። ፊታቸው ላይ ምንም ነገር አላገኘሁም፣ ደግሜም አልጠየቅኩም። የፊተኛውን ማስታጠብ ሆን ብለው አርዝመውት ከሆነ እሱ የሳቸው ይሁን። ዴንማርካዊቷን አስታጥቢ ብሎ ግን ማንም አላዘዘኝም።

መንገዱ ተከፈተና ነዳሁ።